ዶክተር ግርማ የጨፈሩ ዕለት

ጭፈራን ያህል ነገር ሳንጠይቀው መኖራችን ይገርመኛል። እናንተም ሰርግ ቤት ገብታችሁ ትከሻችሁ ሲነቃነቅ «ለምን?» ብላችሁ አታውቁም። ከበሮው ጠራ፣ ሄዳችሁ፤ አለቀ። ዩኒቨርሲቲ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም። ለምን እግር ይቀድማል? ትንፋሽ መቼ ያጥራል? ልብ ራሷስ ምን ትላለች? ይህን ሁሉ አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን አይችለውምና የተለያዩ ክፍሎች ተጣምረው ያጥኑት ይባላል። መጣመሩ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ተጣምረው የመጡትን ምሁራን ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ የሚያጠና ክፍል አለመኖሩ ነው።

እኔ በዚያ ዘመን ውዝዋዜ አስተምር ነበር። የተጣመርኩት ከዶክተር ግርማ ጋር ነው፤ ቀጭን፣ ቁም ነገረኛ፣ በሙቀትም ኮታቸውን የማያወልቁ ሐኪም። እኔ የቤንች ሕዝብን ጭፈራ ተምሬ ለመድረክ ላቀናብረው፣ እሳቸው ደግሞ ሲጨፈር ልብና ጡንቻ ምን እንደሚሆኑ ሊያጠኑ፣ የልብ ማዳመጫ፣ ሜትርና የሰው ሚዛን ተሸክመን፣ ማለትም ሚዛን ይዘን ሚዛን ተፈሪ ገባን። ዘመኑ የደርግ ነው። ወጣት ከገበያና ከመንገድ እየታፈሰ ለጦር ሜዳ ይላካል።

የጠየቅነው ሰው ሁሉ «ያዕቆብን ሳታዩ እንዳትሄዱ» አለን። በከተማው እሱን የሚያህል ጨፋሪ የለም አሉ። ቀበሌው ሊረዳን ፈልጎ በድምፅ ማጉያ አስነገረ፦ «ጤነኛና ጠንካራ የሆናችሁ ወጣት ወንዶች፣ ነገ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተገኝታችሁ እንድትመረመሩ!» ለጭፈራ መሆኑን ለፋፊው ረስቶታል። አንዲት ቃል ናት፤ ምን ታመጣለች?

በማግስቱ ሜዳው ላይ ሚዛናችንን አቁመን ብንጠብቅ ከበሮና የቀርከሃ ዋሽንት የያዙ ሽማግሌዎች ብቻ መጡ። ወጣት የተባለ ከከተማው ጠፍቷል። የሻይ ቤታችን አስተናጋጅ እንኳ የለም። ፀሐይዋ ከረር ስትል አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡና ፊታችን ቆሙ። የያዕቆብ እናት፣ እማማ ማርታ፣ ናቸው።

«ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ። «በሱ ፈንታ እኔን ውሰዱኝ።»

«ወዴት፣ እማማ?»

«ወደ ጦርነቱ ነዋ!»

ክው አልኩ። «እኛ እኮ የመጣነው ለጭፈራ ነው» ብላቸው የዶክተሩን የልብ ማዳመጫ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ለጭፈራ ብሎ ልብ የሚመረምር የት አገር ነው ያለው?»

ላስረዳ ሞከርኩ። «ልቡ ምን ያህል ድካም እንደሚችል ለማወቅ...» ስል እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ምሁር ሲያብራራ እንዲህ ነው።

ያን ጊዜ ዶክተር ግርማ ኮታቸውን አወለቁ። ሽማግሌዎቹን «እስቲ ምቱልኝ» አሉና ሜዳው መሀል ገቡ። ወዳጆቼ፣ በውዝዋዜ መምህርነቴ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። አንዱ እግራቸው ሚዛን ሲረግጥ ሌላው ቴፒ ነበር። ከበሮ መቺው ሳቁን መዋጥ አቅቶት ምቱን ሳተ። እማማ ማርታ መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ ቀጥለው ሆዳቸውን ያዙ።

«እንዲህ የሚጨፍር ሰውማ ወታደር ሊመለምል አልመጣም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ልጆቹ ሸዋ ቤንች በኩል ቡናው ውስጥ ተደብቀዋል። ሄጄ ላምጣቸው።»

ሊሄዱ ዘወር ሲሉ ዶክተሩ፣ ጭፈራው ጥሟቸው ኖሮ፣ «እማማ፣ ይህቺን አረጋገጥ ብቻ ያሳዩኝና ይሄዳሉ» አሉ። እማማ ማርታም ተመልሰው የዶክተሩን ክንድ ይዘው ያስተምሯቸው ጀመር።

የጭነት መኪኖቹ ድምፅ የተሰማው በዚህ መሀል ነው። የገበያ ቀን ነበር። የታጠቁ ሰዎች ዱብ ዱብ ብለው ወርደው ገበያውን ከበቡ። እውነተኞቹ መልማዮች መጡ። ዞሩ፣ ፈተሹ፤ ከእናቶችና ከሽማግሌዎች በቀር ያገኙት የለም። አለቃቸው ተቆጥቶ ወደኛ መጣ። እማማ ማርታ የዶክተሩን ክንድ አልለቀቁም።

«ወጣቶቹ የት ገቡ?»

«እኛም እነሱኑ እየጠበቅን ነው» አልኩ። እውነት እየተናገርኩ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሚዛኑን አየ፤ የልብ ማዳመጫውን አየ። «ሐኪም ቀድሞ ተልኳል እንዴ? ለኛ ማንም የነገረን የለም!» እኔንም ቃኘኝ፤ ራሰ በራነቴን ያመሰገንኩት ያን ዕለት ነው። ከዚያ የላኩትን ሰዎች እየረገመ ሄደ። መኪኖቹ ባዷቸውን እየተንገጫገጩ ከዓይናችን ሲሰወሩ እማማ ማርታ ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ። እኛም አጠገባቸው።

ነገሩ ሲበርድ ልጆቹ ከቡናው ወጡ። ያዕቆብም ጨፈረ፣ የተባለለትን ያህል። ዶክተር ግርማ ማዳመጫቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ቆዩና «ይህ እኮ የበሬ ልብ ነው! እንዲህ ያለ ጤነኛ አላጋጠመኝም!» ብለው ጮኹ።

«ዶክተር» አሉ እማማ ማርታ፣ ግራ ቀኝ እያዩ፤ «ስለ እግዚአብሔር፣ ድምፅዎን ይቀንሱ።»

አዲስ አበባ ተመልሰን ሪፖርት ስናቀርብ የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አስተካክለው «ለመሆኑ ይህ ጥናት ምን አተረፈ?» ሲሉ ጠየቁ።

ዶክተሩ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ብዙ ወጣት» አሉ ዶክተር ግርማ።

«ብዙ ተሳታፊ ነበረው ማለትዎ ነው?»

«እንደሱም ማለት ይቻላል።»

ሰብሳቢው ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።