የኔታ «የእኔ ነው» ያሉ ዕለት

ከልጅ መምህር ጋር መቀራረብ ደግ ነው ይላሉ። ደግ ነው፣ ማን ጠላ? ግን እስከ የት ድረስ ነው መቀራረቡ? ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው ያን ሁሉ ጉድ ያየሁት። በእኛ አገር ወጉ ልጅን ለየኔታ ሰጥቶ ዘወር ማለት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ባለቤቴ ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ቤቴ ብሏል፤ ልጄ ይርጋ ቡሬ አጠገብ ከአንድ መነኩሴ ዘንድ ዳዊት ይማራል። ሆዴ ሁለት ቦታ ተከፍሎ እንዴት ብዬ ልቀመጥ፣ እስቲ ፍረዱኝ! ገበያ በዋለ ቁጥር እርጎዬን አንጠልጥዬ የኔታ ደጅ እገተራለሁ።

«ደግሞ መጣሽ?» ይሉኛል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። «አለልሽ፤ አልበላነውም።»

አንድ ቀን እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ ባንዳዎች ከች አሉ። ያን ሰሞን አባትየው እጁን እንዲሰጥ የአርበኛ ልጅ ይለቅሙ ነበር። አለቃቸው ተማሪዎቹን አንድ በአንድ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ይርጋዬ ደግሞ ያባቱን ስም ፎክሮ ነው የሚጠራው። ተራው ደርሶ አፉን ከፈተ።

«የእኔ ነው» አሉ የኔታ።

«መነኩሴ አይደሉ እንዴ?»

«ሰው ነኝ፣ ስቻለሁ። እናቱም ያቻት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ባንዳዎቹ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ሄዱ። የኔታ «ቀጥል» አሉት ልጁን።

ልጄ ተረፈ። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ግን መላውን ትታ ወሬውን ጨመረች። «እርጎው ለካ ለዚህ ኖሯል!» አለች። ምን ብዬ ላስተባብል? እውነቱን ብናገር ልጄን ያስይዝብኛል፣ ዝም ብል ትዳሬ ሊፈርስ ነው። የኔታም ከቅዳሴ ታገዱ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ እንቅልፍ የሚሉትን ነገር አላየሁም።

ጣሊያን ወጣና ባለቤቴ ተመለሰ። ጥሩወርቅ ትጥቁን እንኳ ሳይፈታ ነገረችው። ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ የኔታ ገሠገሠ፤ እኔ እውነቱን እየጮህኩ ከኋላው፣ ሰፈርተኛው ከኋላዬ። እሱ ወይ ዞር ማለት! የኔታ ደጅ ሲደርስ ጠመንጃውን አስቀመጠና ተደፍቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ለልጄ ሲሉ ስምዎን አጡ፣ የኔታ» አለና አለቀሰ።

«ዳዊቱን ገና አልጨረሰም፤ እንዳትወስደው» አሉት።

እኔም አነባሁ። እፎይ ብዬ ዞር ስል ጥሩወርቅ አጥሩ ሥር ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣

«አያችሁልኝ?» ትላለች፤ «እሱም ያውቅ ኖሯል።»