መዋዔ ዋጋ ገነነ ዲስካውንትን ድል እንደ ነሡ

አቶ ገነነ፣ መዋዔ ዋጋ፣ የተመን ጠላት፣ በፍኖተ ሰላም ገበያ በክርክር ከነገሡ በሠላሳኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ሐምሌ የሆነው ይህ ነው።

በዚያ ወራት ልጃቸው ያምሮት በቡሬ ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ ብርዱም ጸንቶ ነበርና፣ ባለቤታቸው እመት አደይ ከጓዳ ወጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አራሷ በነጠላ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። ወፍራም ብርድ ልብስ ሳትይዝ እንዳትመለስ። ደግሞ እንዳምናው ተከራክሬ ተከራክሬ ጥዬው መጣሁ ብትለኝ፣ ከነክርክርህ ደጅ ታድራለህ።»

ያን ጊዜ ገነነ ዣንጥላቸውን ጨብጠው ተነሡ፤ በቀኛቸው ደረሰ የሚባለው ባለጋሪ፣ በግራቸው መሪጌታ ዘሚካኤል፣ በኋላቸውም ዋጋ ሲወድቅ ማየት የሚወዱ የሰፈር ሰዎች ሁሉ ተከተሉ። ከወይዘሮ ናጂሃ ሱቅ በደረሱም ጊዜ፣ ብርድ ልብሱ ተሰቅሎ፣ የቀድሞ ዋጋው በቀይ ተሰርዞ፣ በላዩም «ዲስካውንት» የሚል ቃል ተጽፎ አገኙ።

መሪጌታም መነጽራቸውን ጠርገው ቃሉን ተረጎሙት፦ ጥንቱ ከሮማይስጥ፣ ከላቲን ነው፣ ከቁጥር ማጉደል ማለት ነው፤ በኢጣልያና በፈረንሳይ ነጋዴዎች አፍ አልፎ እንግሊዝ ገባ፤ በዚያም ሒሳቡን ቀድሞ ለሚከፍል የሚተውለት ነበር፣ ዛሬ ግን ለወጪ ለወራጁ ሁሉ ሆነ። አንድም፣ ሻጭ ሳይገጥሙት ራሱን በራሱ ድል መንሣቱ ነው።

ይህን በሰሙ ጊዜ የገነነ ፊት ጠቆረ፤ በተጠራው ዋጋ ገዝተው አያውቁምና፣ የወደቀ መምታትም የጀግና ወግ አይደለምና፣ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱም የአደይ አዋጅ አለና። ስለዚህ ዣንጥላቸውን መሬት ተክለው አወጁ፦ «ናጂሃ፣ ዲስካውንትሽን አንሺው። ዋጋውን ወደ ነበረበት መልሺልኝ፤ እኔው ራሴ አወርደዋለሁ።»

ከአባታቸው ከጁማ ሱቁን ከነምላሱ የወረሱት ወይዘሮ ናጂሃም በአዋጅ መለሱ፦ «ጋሼ ገነነ፣ አላህ ያሳይዎት፣ ባወረድኩት ይቆጡኛል? ይሁን፣ ተነሥቷል። እንግዲህ አንዲት ሳንቲም ብቀንስ ናጂሃ አይበሉኝ።»

ጦርነቱም ሆነ። ገነነ ጨርቁን በጣታቸው አሽተው «ሳስቷል» አሉ፤ ናጂሃ በመጣበት ዋጋ ነው ብለው ማሉ፤ ገነነ ትተው ሄዱ፤ ናጂሃ አልጠሩም። ገነነም ከነሠራዊታቸው በዝግታ፣ እጅግም በዝግታ ተራመዱ፤ ዝናቡም ወረደባቸው፤ ከጋሪው ዘንድ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው «ይምጡ እስቲ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሠራዊቱም ዞረ።

ዋጋውም ወረደ፤ ወርዶ ወርዶም ከዲስካውንቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ባለጋሪው ደረሰም ይህን አስልቶ አፉን ሊከፍት ሲል፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው ጎሰሙት። በላዩም የሕፃን ካልሲ በምርቃት ተጨመረ፤ ይህም በዲስካውንት ሥርዓት የሌለ ነው።

በዚያም ምሽት አደይ በሩን ከፈቱ፤ በስንት ገዛኸው ብለውም አልጠየቁም። በማግስቱ ብርድ ልብሱ ቡሬ ገባ፤ አራሷ ሞቃት፣ ሕፃኑም ካልሲውን እንዳጠለቀ ተኛ።

ሌሎች በርካሽ ገዙ፤ ገነነ ግን አሸንፈው ገዙ። ክብር ይሁን ለመዋዔ ዋጋ፤ የወደቀውን ጠላት አንሥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ጋሻውን አስይዘው፣ እንደ ገና ለጣሉት።