ጥቅመ ፀሐይ በነጭ አንሶላ የተለካበት ወር

በዘመነ ጭስ በዘጠነኛው ዓመት፣ ጄኔሬተር በነገሠበትና የሰው ድምፅ በተዋረደበት ወራት፣ መቀሳቸው የማይዶለዱም፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ስመ ጥሩው ጸጉር አስተካካይ ምላጬ፣ ባለቤታቸው ለሁለተኛ የስፌት መኪና ያጠራቀሙትን ለምነው ወስደው በሱቃቸው ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተከሉ።

ባለቤታቸውም፣ እመቤተ መርፌ ወሜትር፣ ከግድግዳው ማዶ ካለው የስፌት ክፍላቸው ወጥተው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ባሌ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለኪስም ለአየርም ያለውን ጥቅም ለክቶ ካላሳየኝ፣ ሰሌዳው ወርዶ ይሸጣል፣ መኪናዬ ይገዛል፣ ያ ጭሳም ጄኔሬተርም ወደ ዙፋኑ ይመለሳል።»

ምላጬ ይህን በሰሙ ጊዜ እርሳሳቸውን ጆሮአቸው ላይ ሰክተው ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ፤ እነርሱም ሽቦውን የዘረጋው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ፣ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ ግማሹ የቀረ ሁለት ደንበኞችና ጸጉር ሳይኖረው ለወሬ የሚመጣ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ለኪስ ምስክር ደብተር ከፈቱ። ለአየር ምስክር ከአጣቢዋ ነጭ አንሶላ ተውሰው በደጃቸው ሰቀሉ፤ በዘመነ ጭስ እዚያ የተሰጣ ጨርቅ በሳምንቱ ከሰል ይመስል ነበርና።

ወእምዝ ሠላሳው ቀን ሞላ። ደብተሩ በቀን ሁለት፣ በወር ስድሳ ሊትር ቤንዚን እንዳልተቃጠለ መሰከረ። አንሶላውም እንደ ወተት ነጥቶ ተገኘ። ሠራዊቱ እልል ሊል አፉን ሲከፍት ግን አጣቢዋ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ደግ ሴት፣ ይህን አወጀች፦ «ትናንት ሳየው አላስቻለኝም፤ አጥቤ መለስኩት።» አንሶላው ታጠበ፣ የምላጬ ፊት ጠቆረ።

እመቤቲቱ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉ። ምላጬ በጭንቀት መቀሱን በባዶ ያንቀጫቅጩ ነበርና ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። ያን ጊዜ የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፦ «እኔም በበኩሌ ለክቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠራህ ‹ጄኔሬተሩ ጮኾ አልሰማሁሽም› ስትለኝ ኖርክ። በዚህ ወር በአንድ ጥሪ አቤት አልክ። ድምፅህ ናፍቆኝ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። መኪናው ይቆየኝ፣ ሰሌዳው አይውረድ። ከእንግዲህ ግን አልሰማሁም ማለት ክልክል ነው።»

ስለዚህ ፀሐይን በጣሪያቸው ያሰሩ፣ ጭስን ከዙፋኑ ያወረዱ፣ ማመካኛቸውንም አብረው ያወረዱ ምላጬ ክብራቸው ከፍ ይበል፣ ዝናቸው ይስፋ፤ የቀረውን ውዳሴ እዚሁ ቆመው ሊያደምጡ ነበር፣ ግን ከግድግዳው ማዶ ተጠርተው ሄደዋል።