ሃያ ሰባት ዲግሪ

«ኮምፒውተር ላይ ሠርቷል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ አብዲ ከነዚህ ነው። እናቱ አዴ ፋጡማ ለእህቱ ሠርግ ድምፅ ማጉያ እንከራይ ቢሉት፣ አምፕሊፋየሩን ራሴ እሠራዋለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ሳምንት ሙሉ ላፕቶፑ ላይ በሶፍትዌር አስመስሎ ሲሞክረው ከረመ። እዚያ ውስጥ እንኳን ሊቃጠል፣ ላብም አላላበው።

የሠርጉ ዕለት ቀትር ላይ ታይዋን ከሚባለው ገበያችን በገዛቸው ዕቃዎች የገጣጠመውን ሰካው። ዘፈኑ ጀመረ። ሰዉ ሁሉ ከበበው። እኔማ በሩ ጋ ነው የቆምኩት፤ ፈሪ ለናቱ ነው። አብዲ ትራንዚስተሩን ነካ ሲያደርግ ጣቱን አቃጠለው። ድምፁ ተንተፋተፈ፤ ጢስ ወጣ፤ ጸጥ አለ። ከመንገዱ የሙሽራው መኪኖች ጡሩምባ ይሰማል።

አብዲ ላፕቶፑን ወደኛ አዞረ። «አቦ፣ እዩት፣ እዚህ እኮ አሁንም ይሠራል።»

ጠጋ ብዬ የስክሪኑን ጥግ አነበብኩ፦ የአካባቢ ሙቀት፣ ሃያ ሰባት ዲግሪ። ሶፍትዌሩ ከነቁጥሩ መጥቶ፣ እሱም ሳይነካው ትቶታል። በድሬ ቃጠሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ የየት አገር ቀትር ነው ብሎ አይጠይቅም?

አዴ ፋጡማ ጢሱን በሻሻቸው እያራገቡ ስክሪኑን አዩት።

«እንግዲያው ሠርጉንም እዚያው ውስጥ ደግሰዋ» አሉት። «አየሩም ነፋሻ ነው።»