ቡላን የመጥራት ነገር

ጎረምሳ ውሻ አሳድጋችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ጎረምሳ ልጅ ያለው ጎረቤት ጠይቁ። ልዩነቱ ውሻው ተናዶ በር አያጋጭም። ሌላው ያው ነው። ትናንት እግር እግራችሁን ሲል የነበረ ፍጥረት አንድ ቀን ይነሳና ጆሮው ይደፈናል። ስትጠሩት ዞር ብሎ ያያችኋል። መስማቱንማ ሰምቷል! «ቆይ እስቲ፣ ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ፊት ያሳያችሁና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ጉዳዩ ምንድን ነው? የጎረቤት ዶሮ ነዋ!

የኔውን ጎረምሳ ያመጣሁት ከዲላ አጠገብ ካለችው ከጪጩ ነው፤ ከአማቴ ከእማማ ማርታ ግቢ። ጊዜው ባጃጅ ዲላ ገብታ፣ ሰው ሁሉ በእግሩ መሄድ ነውር የመሰለው ሰሞን ነበር። እኔም እንደ ሰው በባጃጅ፣ ቡችላውን በጃኬቴ ሸጉጬ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አስቴር ገና ስታየው «ውይ! ቡላ ይመስላል እኮ!» አለች። ከእንሰት የሚወጣውን ነጩን ቡላ ማለቷ ነው። ስሙም ቡላ ሆኖ ቀረ።

ስም ስታወጡ ግን አርቃችሁ አስቡ። በኋላ ጎርምሶ መጥፋት ሲጀምር፣ በገበያ ቀን «ቡላ! ቡላ!» እያልኩ መንገድ ለመንገድ ስሮጥ አንዲት ሴት ክንዴን ለቀም አደረጉኝ። «ምን ያስሮጥሃል? ቡላ ይኸውና! ንጹሕ ነው፣ ና እየው!» ውሻ ጠፍቶብኝ ነው ብላቸው ገበያ የሄደባቸው አንሶ ስድብም ተጨመረባቸው። የእህል ስም ለውሻ የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ለጎረቤት ሻጮች ሁሉ አሳዩኝ።

ቡችላ ሳለ እንዲህ አልነበረም። ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት። መታጠቢያ ቤት እንኳ ስገባ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እኔም ጎበዝ አሰልጣኝ የሆንኩ መስሎኝ ልቤ አበጠ። ለነገሩ ሰው መጥራት ሙያዬ ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። አርፋጅ የምይዝ፣ የፀጉር ቁርጥ የማይ፣ ሸሚዙን ያላስገባ የማስገባ ሰው ነኝ። ፊዚክስም አስተምራለሁ፤ ተማሪው ግን ከፊዚክሱ ይልቅ ሳሌን ነበር ለይቶ የሚያውቀው። ከሩቅ ስስል ኮሪደሩ ጸጥ ይላል። ጣቴን ቀስሬ «አንተ፣ ና!» ካልኩ የተጠራውም ያልተጠራውም ይመጣል።

ግቢ ሙሉ ጎረምሳ በጣቱ የሚጠራ ሰው፣ አንድ ጎረምሳ ውሻ አቃተው።

ዋናው አበሳ የወደቀው በፊት ለፊት ጎረቤታችን በጋሽ ሸምሱ ላይ ነው። ጋሽ ሸምሱ ከወደ ቡታጅራ መጥተው ዲላ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ዝምተኛ፣ ሰላምተኛ፣ ለጸሎታቸው ጥንቁቅ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ለሶላት ሊታጠቡ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያቸውን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ፎጣ ሊያመጡ ገባ አሉ። ሲመለሱ ቡላ ጡቱን ቀድሞ ይዞታል፤ የማንቆርቆሪያውን ማለቴ ነው። አልጮኹም። አልተቆጡም። በጨዋ ደንብ በራችንን አንኳኩና «መምህር፣ ውሻህን ጥራልኝ» አሉኝ።

ወጣሁ። ደረቴን ነፋሁ። «ቡላ! ና!»

ቡላ አየኝ፣ ጭራውን ወዘወዘልኝ፣ ከዚያ እሳቸው ለመታጠብ ካወለቁት ጫማ አንድ እግሩን በአፉ አንስቶ ወደ ታች ሰፈር ነጎደ። ጋሽ ሸምሱ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ስትጠራው ነው እንዴ የሚሄደው?»

ደግሜ ልጠራው አፌን ከፈትኩ።

«እንግዲያው አትጥራው፣ መምህር» ብለውኝ በአንድ እግር ጫማ ወደ ሱቃቸው ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ በሬን ከፍቼ አፌን ሳላላቅቅ ከሱቅ ውስጥ «አትጥራው! አትጥራው!» ይሉኝ ጀመር።

የሰፈሩ ሰው ምክር አላጣሁም። አንዱ አስረህ አስርበው አለኝ። አንዱ ጆሮውን ቁረጠው፣ ያኔ ይሰማል አለኝ። ጆሮው ከተቆረጠ በምኑ ሊሰማ እንደሆነ አላብራራም። አማቴ ደግሞ በገበያ ቀን ከጪጩ መጥተው ጉዱን ሲሰሙ ነገሩን ባጭሩ ቆረጡት። «ካስቸገረ መልስልኝ። የኛ አገር ውሻ ዲላ ሲገባ ይሰለጥናል መስሎህ ነበር? ከተማ ገብቶ የተበላሸ እሱ የመጀመሪያ አይደለም» አሉኝ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

መመለሱን አሰብኩበት። እውነቴን ነው። አስቴርን ግን እንዴት አድርጌ ላሳምናት? አመሻሽ ላይ የኳየር መዝሙሯን ስትለማመድ ቡላ እግሯ ሥር ተቀምጦ፣ ከፍ ያለው ዜማ ላይ ስትደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ ያግዛታል። ድምፁ ከኔ ይሻላል ትላለች።

ታዲያ አንድ ቀን እንደለመደው ጠፍቶ ዋለ። ስጠራ፣ ስሮጥ፣ ስሳደብ ውዬ ማምሻውን በገዛ ፈቃዱ ተመለሰ። ጭራው እየተወዛወዘ፣ ፊቱ ፈክቶ፣ «ምን የመሰለ ቀን አሳለፍኩ መሰለህ!» የሚል ይመስላል። ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ጀርባውን ቸብ አደረግኩትና አሰርኩት። አስቴር በረንዳው ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ለምን መታኸው?» አለችኝ።

«ስጠራው አልመጣም!»

«አሁን ግን መጣ እኮ።»

የገመዱን ቋጠሮ አጠበቅኩ።

«ሲመጣልህ ምን ታደርገዋለህ?» አለች።

«አስረዋለሁ።»

«ካላሰርከውስ?»

«አጥበዋለሁ።»

«ካላጠብከውስ?»

ነጠላ ጫማው እጄ ላይ ነው። መልሱን ታያለች።

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ይምጣ?» አለች። «እኔንስ ብትሆን! አንተ ከሳሎን ሆነህ 'አስቴር!' ስትል ዕቃ ጠፍቶብህ ነው። አንድ ቀን እንኳ ጠርተኸኝ 'እንዲያው ልይሽ ብዬ ነው' ብለኸኝ ታውቃለህ? እኔ ሰው ስለሆንኩ ነው የምመጣው። እሱን ምን ቸገረው?»

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ አልኳችሁ አይደል? ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደሚስበው ነው እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ እኔ ግን ሳቢ ሳልሆን ገፊ ሆኜ ነበር።

በማግስቱ ሥልጠናው ተጀመረ። ለቡላ ሳይሆን ለኔ። ከሥጋ ቤት ጉበት አምጥቼ ቀቅዬ በትንንሹ ከተፍኩት። ቡላን በረጅም ገመድ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ድምፄን አለሰለስኩ። እዚህ ላይ ነበር ጣጣው! ዩኒት ሊደር ድምፅ ማለስለስ ከየት ይልመድ? መጀመሪያ «ቡልዬ» ስል አስቴር ከወጥ ቤት ወጥታ ጉሮሮዬን አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀስ በቀስ ግን ወጣልኝ። ቁጢጥ እላለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ «ቡልዬ! ሆዴ! ና ወደ አባትህ!» እላለሁ። ሲመጣ ጉበት፣ ማሻሸት፣ ማቆለጳጰስ። ከዚያ ትልቁ ምስጢር፦ መልሶ መልቀቅ! መጣህ ብሎ ማሰር የለም። «በል ሂድ ተጫወት።» ቡላ መጀመሪያ አላመነም። ዞር ብሎ ገመዱን ይፈልጋል። ኋላ ላይ ግን ገባው። እምቢ ሲል አላሳድደውም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ሌላ በኩል እሮጣለሁ። ይሄኔ ምን ያመልጠኛል ብሎ እሱ ያሳድደኛል። ጋሽ ሸምሱ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩን ሰንብተው፣ «አሁን የሚሰለጥነው ማንኛው ነው?» ብለው አስቴርን ጠይቀዋታል።

ጉበቱ ኪሴን ለቅቆ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ሰበቃ እያስረዳሁ፣ ከኪሴ ጠመኔ ያወጣሁ መስሎኝ ሰሌዳው ላይ በጉበት ጻፍኩ። ተማሪው ትንፋሹን ዋጠ። ማን ይሳቅ? እኔው ሳላስበው ፈነዳሁ። ያኔ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሲስቁ ሳያቸው፣ ለካ እነዚህ ልጆች ጥርስ አላቸው አልኩ በሆዴ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ።

ቤታችን ወደ ሞያሌ ከሚወስደው አስፋልት ብዙም አይርቅም። አንድ ከሰዓት ተማሪው ተለቆ፣ እኔም ሱፌን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ በመንገዱ ዳር ወደ ቤት እሄዳለሁ። ጡሩምባ ሰማሁ። ሰው ሲጮኽ ሰማሁ። ቀና ስል ቡላ አስፋልቱ መሀል ተጋድሟል። ከጋሪ የወደቀ አጥንት አግኝቶ ይግጣል። ባጃጆች ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ያልፉታል። እሱ እቴ! ዓለም ጸጥ ብሎለታል።

ከላይ፣ ከቁልቁለቱ፣ እስከ አፉ የተጫነ ተሳቢ ይወርዳል። ቁልቁለት የያዘ ተሳቢ ቁም ቢሉት አይቆምም፤ ይህን ለማወቅ ፊዚክስ አያሻም። አንዱ ድንጋይ ወረወረ። ቡላ አጥንቱን ነክሶ ወደ ባሰው ወደ መሀል ገባ። እግሬ ሊሮጥ ተነሳ፤ ያዝኩት። ሮጬ ብሄድ አጥንቱን ልቀማው የመጣሁ ይመስለዋል። መንገዱን ይዞ ይሮጣል፣ በቀጥታ ወደ መኪናው።

የጓሮውን ድምፅ ማውጣት አለብኝ። የት? እዚህ! ተማሪው በሙሉ መንገዱን ሞልቶት! በሳሌ የሚደነግጡት ሁሉ አፋቸውን ከፍተው እያዩኝ! ያኔ ከሱቃቸው በር ላይ ጋሽ ሸምሱ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው ጮኹ፦

«መምህር! ጥራው! ኧረ ጥራው!»

ሱፌ ገደል ይግባ! አቧራው ላይ ቁጢጥ አልኩ። እጄን ዘረጋሁ። «ቡልዬ! ሆዴ! የኔ ማር! ና ወደ አባትህ!» ጆሮው ቆመ። አየኝ። አጥንቱን አየ። መኪናው ደረሰበት ልል ነው፣ ጡሩምባው አገር ያናውጣል። ተነሳሁና ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እጄን እንደ ዶሮ ክንፍ እያርገበገብኩ፣ «ቡልዬ! ቡልዬ!» እያልኩ በተማሪዎቼ መሀል ወደ ኋላ ሮጥኩ።

አጥንቱን ትቶ መጣ! አጥንት ትቶ! ተሳቢው ንፋሱን እየለቀቀብን አለፈ። ቡላ ጫማዬ ላይ ተቀምጦ ኪሴን ቀና ብሎ ያያል። እጄን ብከት ጠመኔ ብቻ! ያን ቀን ጉበት አልያዝኩም። እሱን አቅፌ መሬት ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው አንድ እሽግ ብስኩት ይዘው መጡና፣ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከራቅ ብለው ወረወሩልን። «ስጠው እንጂ! ነገ በምን ልትጠራው ነው?» አሉኝ። ይኸን ጊዜ መንገዱ በጭብጨባ ተሞላ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ሆኖ በዚያው በቀጭኑ ድምፄ «ቡልዬ! ሆዴ!» አለ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ልጠራው ጣቴን ቀሰርኩና ሳቄ ቀደመኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ትምህርቱ ያምር ነበር። በፍቅር የጠሩት ይመጣል። አዎ፣ ይመጣል። ችግሩ፣ ማን እንደጠራው አይመርጥም።

አስቴር የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ እናቷ ደግሞ የጸሎት ሰው ናቸው። እኔ በአባት በእናቴ ኦርቶዶክስ ነኝ። በሃይማኖት ተጋጭተን አናውቅም፤ እሁድ እሁድ እሷን እስከ በራቸው እሸኝና እመለሳለሁ። አማቴ ግን ስሜን ይዘው መጸለያቸውን አልተዉም። አንድ እሁድ ኳየሩ ልዩ ዝግጅት ነበረውና አስቴር ለመነችኝ። ገብቼ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንግዳው ሰባኪ ድምፃቸው ማር ነው። መጨረሻ ላይ ከመድረኩ ወርደው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ በማይክራፎን በለሰለሰ ድምፅ መጣራት ጀመሩ። «ና! የኔ ወንድም፣ ና ወደ አባትህ! ዛሬ ና!»

በሩ ተከፈተ። ቡላ!

ገመዱን በጥሶ ነው። የድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል፤ ጠሩት፣ መጣ። በመሀል መንገዱ ሽምጥ ጋልቦ፣ ሰባኪው እግር ሥር ቁጭ ብሎ የኮታቸውን ኪስ ቀና ብሎ ማየት። ምን ይደረግ? ጎንበስ ብዬ ላመጣው ወደ ፊት ሄድኩ። ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ እየጸለየ ነው፤ ውሻው አልታየም። እኔ ግን ታየሁ! መጀመሪያ ዓይናቸውን የከፈቱት ለዝግጅቱ ከጪጩ የመጡት አማቴ ናቸው። ጌታን ልቀበል የወጣሁ መስሏቸው «ሃሌ ሉያ!» ብለው በእልልታ አቀለጡት። ጉባኤው ተከተለ። ኳየሩ መዝሙር አነሳ። አስቴር ከመድረክ ላይ ታለቅሳለች። ሰባኪው ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «ውሻውን ልወስድ ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ማይክራፎኑ በመሀላችን ነበር። «ውሻውን ልወስድ ነው» የሚለው ቃሌ አዳራሹንም ሰፈሩንም አዳረሰ።

ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም አሉ። ሰባኪው ራሳቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እኔ ቡላን ታቅፌ ስወጣ አማቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ በር ድረስ ተከተሉኝ። የሳቅ ይሁን የሐዘን እንባ አልለየሁትም። የቡላን ራስ ደባበሱና እንዲህ አሉኝ፦

«አይ ልጄ! ይህን ሁሉ ዘመን አንተን ስንጠራ ኖርን። ለካ ውሻውን መጥራት ነበረብን!»