በሬውን ጠምዶ ወደ ፍቅር የሄደው ሰውዬ

የዓለምን መናኛ ፊልም እየለቀሙ ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች አሉ አሉ። ይልፉ! በእኔ ይሁንባችሁ፣ የመናኛዎች ሁሉ መናኛ የታየው በጃንሆይ ዘመን፣ ወረታ ላይ ነው። ፈራጆቹ የፎገራ ገበሬዎች ናቸው፤ ይግባኝ የለውም።

ያኔ ወረታ አስተማሪ ነበርኩ። የቁሐር ሚካኤሉን የግራዝማች ውበቴን ልጅ፣ የሻረግን፣ ወድጄ ሽማግሌ ልኬ መልስ ስጠብቅ እህል አልወርድ ብሎኛል። የሻረግስ ትወደኛለች። አባቷ ግን «እርፍ ላልጨበጠ እጅ ልጄን?» እያሉ ሽማግሌዎቼን ያመላልሷቸዋል።

በዚህ መሐል ፊልም የሚያሳይ መኪና ከች አለ! አሳዪው ታሪኩን ሲነግረኝ ልቤ ዘለለች። አንድ ገበሬ አንዲት ልጅ ይወዳል፤ አባቷ እምቢ ይላሉ፤ ልጅቱ በናፍቆት ከስታ ትሞታለች። «ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው የሚወጣ» አለኝ። በቃ! ግራዝማች ይህን አይተው ካልራሩልኝማ ድንጋይ ናቸው አልኩና ለምኜ አመጣኋቸው።

ቅዳሜ፣ ከገበያ በኋላ፣ መስኮት በሌለው የሐጂ ኑርዬ የእህል መጋዘን ውስጥ ነጠላ የሚያህል ጨርቅ ተሰቀለ። ግራዝማችን የኑግ ጆንያ ላይ እንደ ዳኛ፣ ሽማግሌዎቼንም ከኋላቸው አስቀመጥኳቸው። የባሕር ማዶውን ቋንቋ አስተርጓሚ እኔ ነኝ... ማወቄን እንኳ እግዜር ይወቀው!

ፊልሙ ጀመረ። ሰውዬው ማለዳ በሬዎቹን ከበረት አውጥቶ ጠመደ።

«ዳልቻው ግሩም በሬ ነው!» አለ ከተመልካቹ አንዱ።

«ጓደኛው ግን ከስቷል።»

ወደውታል ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ እንዳረሰ መልእክተኛ እየሮጠ መጣና ልጅቱ ለሌላ ልትዳር ነው አለው። ሰውዬው እርፉን ጥሎ... እብስ!

 ከዚያ አንድ ድምፅ ከጨለማው፣ «በሬዎቹስ?» አለ።

ሰውዬው ከልጅቱ ደጅ ተንበርክኮ ያለቅሳል። እኔም ድምፄን አሳዝኜ፣ «ያላንቺ አልኖርም እያላት ነው» አልኩ።

«በሬዎቹን ማን ፈታቸው?» አሉ ግራዝማች።

«ይደርሳል፣ ጌታዬ፣ ታሪኩ ገና ነው።»

«ፀሐዩ በርትቷል እኮ!»

ልጅቱ ታመመች። «ውኃም አልጠጡ» አለ አንዱ። ልጅቱ ተናዘዘች። «ይኼኔ ቀንበሩ ጫንቃቸውን ልጦታል» አለ ሌላው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል... ዋሸሁ።

«ጎረቤቱ ፈትቷቸዋል እያለች ነው!»

«የትኛው ጎረቤት? እስቲ ይምጣና እንየው!»

ከኋላ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ሰማሁ። ተስፋዬ ለመለመ! «አይዞሽ እቴ፣ ልጅቱ አሳዝናሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረግ! ዳልቻው ነው እንጂ!»

ልጅቱ ሞተች፤ ሰውዬው መቃብሯ ላይ ተደፋ፤ ፊልሙ አለቀ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ግራዝማች ብቻ ብድግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄን እንዲህ ላለ ሰው ስጥ ልትለኝ ነው ያመጣኸኝ?»

«አባቷ በመከልከላቸው እኮ ነው የሞተችው!»

«ደግ አደረጉ! በሬ ጠምዶ የሚጠፋ ሰው ሚስት ምን ሊያደርግለት?»

«እውነት ነው!» አለ ሕዝቡ። ትዳሬ ሳይያዝ ፈረሰ። እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ለፍቅር ያለቀስኩ እኔ ብቻ ነኝ።

አሳዪው ግርግሩን ፈርቶ ቶሎ ጠቅልሎ ሊወጣ ማሽኑን ወደ ኋላ አስኬደው። ብርሃኑን ግን ማጥፋት ረሳ። እናንተዬ! የሞተችዋ ልጅ ተነሣች... ማንም ከቁብ አልቆጠራት። ሰውዬው እንባውን ወደ ዓይኑ እየመለሰ፣ የኋሊት እየሮጠ፣ እየሮጠ... ማሳው ደረሰ! እርፉን ጨበጠ! ቀንበሩን አወረደ! በሬዎቹም የኋሊት እያዘገሙ በረታቸው ገቡ!

እልልታው ጣራውን ሊነቅለው! ግራዝማች ከጆንያው ላይ ቆመው፣ «ጎሽ! አሁን ሰው ሆነ!» አሉ።

«ኧረ ይህ እኮ...» ብሎ አሳዪው ሊያስረዳ ሲጀምር እግሩን ረገጥኩት። ሮጬም ከግራዝማች እግር ላይ ወደቅሁ።

«ይኸው ተመልሶ ፈታቸው! እኔንም ይማሩኝ!»

ሽማግሌዎቼም ከየጆንያው ተነሥተው ለመኑልኝ። ግራዝማችም፣ «እሺ፣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አሉ። እንደገና እልል! በደስታ ጉልበታቸውን ስስም እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙት።

«ለእህቶቿ ባሎች ጥማድ ጥማድ በሬ መርቄያለሁ። አንተ ግን ልጄን ብቻ ይዘህ ሂድ። እሷ ሲከፋት በእግሯ ትመጣለች፤ በሬ ቀንበሩን ራሱ አይፈታ!»