የጋሽ ተፈራ ሄሊኮፕተር

አንባቢዬ፣ በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ያለው ወዳጅ ገጥሞዎት ያውቃል? ካልገጠመዎት እሑድዎ ሰላም ነው። እኔ ናይሮቢ ሳለሁ ጋሽ ተፈራ ነበሩኝ። በሥራ ቀን የትልልቅ አውሮፕላኖች መካኒክ ናቸው፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ላቪንግተን ሰፈር አንድ ሜዳ ላይ የራሳቸውን ትንንሾች ይከሰክሳሉ። ጥፋቱ ምንጊዜም የነፋስ ነው።

አንድ እሑድ፣ ሦስት ወር የለፉበትን ሄሊኮፕተር ሊያስመርቁ ጠሩን። ተነሳ፤ አጨበጨብን። ወዲያው እንደ ሰከረ ዝንብ እየተሽከረከረ ወደ ዛፎቹ አመራ። ጋሽ ተፈራ ሪሞቱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። የሜዳው ጥበቃ ከአሁኑ በስዋሂሊ "ፖሌ ሳና፣ ምዜ!"፣ አይዞዎት አባቴ፣ እያለ ያጽናናቸው ጀመር።

ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር "እስቲ አምጣው!" ብለው ሪሞቱን ነጠቁ። ሄሊኮፕተሩ ቀጥ አለ፤ ዞሮ መጣና እግራችን ሥር በቀስታ አረፈ።

"አንቺ! የት ተማርሽው?"

"አንተ ሥራ ስትውል እዚሁ እያመጣሁ አበረዋለሁ። ገና ሳታስመርቀው ስንቴ በሯል!"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ደስታህን ላበላሽ?"

ጋሽ ተፈራ ደረታቸውን ነፍተው ወደ እኛ ዞሩ።

"አያችሁ? እኔ የሠራሁትን ማንም ያበረዋል!"